ከደጅ ጥናት ወደ መብት፦ የከተማ አስተዳደር ሕንፃዎችን በር የሚገዛው ሕግ የት አለ?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው ተገልብጦ ለንባብ የተዘጋጀ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት አነስተኛ ይመስላል። የምናገረው ስለ በር ነው፤ ስለ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በር፣ ስለ ክፍለ ከተማ በር፣ ስለ ማዘጋጃ ቤት በር። የአስተዳደር ሕግ መምህራን አብዛኛውን ጊዜያችንን የምናውለው ከበሩ በስተውስጥ በሚሆነው ላይ ነው። ባለሥልጣኑ ውሳኔ እንዴት ይሰጣል፣ ውሳኔውስ በፍርድ ቤት እንዴት ይመረመራል እያልን እናስተምራለን። ይሁን እንጂ ባለጉዳዩ ከባለሥልጣኑ ፊት ከመድረሱ በፊት አንድ ሌላ ውሳኔ ተሰጥቶበታል፤ ይግባ ወይስ ይመለስ የሚል ውሳኔ። ይህን የሚወስነው ማን ነው? በየትኛው ሕግ? የተከለከለውስ ሰው ለማን አቤት ይላል?

ላስረዳ የምሞክረው ነጥብ አንድ ነው። ባለጉዳዩ ከገባ በኋላ የሚጠቀምባቸው መብቶች በአገራችን ሕግ በርከት ብለው ተጽፈዋል። መግቢያው ግን በአብዛኛው የሚመራው በቃል ትእዛዝና በበር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። መግባትን የሚገድብ ደንብ መብትን የሚገድብ ደንብ ነውና፣ እንደ ሌላው ሕግ ሁሉ የተጻፈ፣ ለሕዝብ የተገለጸ፣ ምክንያቱ የታወቀና ቅሬታ የሚቀርብበት ሊሆን ይገባዋል።

1. ደጅ በታሪካችን

«ደጅ» የሚለው ቃል በአማርኛ ከመዝጊያና ከመቃን ያለፈ ትርጉም አለው። ደጃዝማች የሚለው ማዕረግ በውስጡ ደጅን ይዟል። በቤተ መንግሥት ሥርዓት አጋፋሪ እንግዳ ያስገባል፣ በየማዕረጉ ያስቀምጣል፤ እልፍኝ አስከልካይ ደግሞ ስሙ ራሱ እንደሚነግረን ወደ እልፍኝ የሚዘልቀውን ከማይዘልቀው ይለያል። በር ጠባቂነት እንግዲህ በጥንቱ ሥርዓት ስምና ማዕረግ ያለው የመንግሥት ሥራ ነበር።

በዚያ ደጅ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይቆሙ ነበር። አንደኛው ደጅ ጠኚ ነው። ሹመት ፈላጊው፣ ከጌታው ፊት ሞገስ ያጣው፣ ውለታ የሚጠብቀው ሰው ቀናትንና ወራትን በደጅ ያሳልፋል፤ አንድ ቀን እንዲታይ፣ አንድ ቀን እንዲጠራ። ሁለተኛው አቤት ባይ ነው። ርስቱን የተነጠቀው ወይም ፍርድ የተጓደለበት ሰው ከደጅ ቆሞ፣ ወይም ንጉሡ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ተገኝቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አቤት!» ይላል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የምናስገባው «አቤቱታ» ከዚያ ጩኸት ጋር የቃል ዝምድና አለው።

ከውጭ ለሚያያቸው ሁለቱም በር ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው። በሕግ ዐይን ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። ደጅ ጠኚ የሚጠብቀው ችሮታ ነው፤ ቢከለከል ቅር ይለዋል እንጂ ተበደልኩ ማለት አይችልም። አቤት ባይ ግን የሚጠይቀው የሚገባውን ነው፤ ካልተሰማ በደሉ ሁለት ይሆናል። የዘመናዊ አስተዳደር ሕንፃ በር ላይ የቆመን ሰው ከሁለቱ እንደ የትኛው እንየው የሚለው ጥያቄ የዛሬው ንግግሬ ማእከል ነው።

ማዘጋጃ ቤት በሕግ የታወቀ ተቋም ሆኖ በስፋት የተደራጀው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው፤ የ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 በዚህ ረገድ መሠረት የጣለ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ከቢሮዎች ጋር የቴአትር አዳራሽም እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተገነባው። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። የከተማ አስተዳደር ሕንፃ ፋይል የሚመላለስበት ብቻ ሳይሆን ነዋሪው የሚሰበሰብበትም ስፍራ መሆኑ በንድፉ ውስጥ ታምኖበት ነበር ማለት ነው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ፤ ቀበሌ የምንለው ተቋም ከዚህ ተወለደ። ቀበሌ የመንግሥትን በር እስከ ሰፈር ድረስ አመጣው። ስብሰባው፣ የፍርድ ሸንጎው፣ የኅብረት ሱቁ፣ የመሠረተ ትምህርቱ ሁሉ በዚያው አካባቢ ሆነ። ነገር ግን በቀይ ሽብር ዘመን ብዙ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች የእስር ቤት አገልግሎት ሰጥተዋል። በእኔ ትውልድና ከእኔ በፊት በነበረው ትውልድ ውስጥ «ቀበሌ ትፈለጋለህ» የሚለው ቃል ዛሬም ልብ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው። የሕዝብ ሕንፃ በር ተከፍቶም ሊያስፈራ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያስታውሰናል። ስለዚህ በሩ ላይ ያለው ሥርዓት ግልጽ መሆኑ ለቅልጥፍና ብቻ ሳይሆን ለአመኔታም ያስፈልጋል።

2. ሕጉ ስለ ውስጡ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አንቀጽ 29 ሕዝብን የሚመለከት መረጃ የማግኘትን መብት ያውቃል። አንቀጽ 50(4) ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ይህን የመጨረሻውን ድንጋጌ ከሕንፃ ጋር አያይዘን ብዙ ጊዜ አናነበውም። ሆኖም በቀጥታ መሳተፍ ማለት በአካል መገኘትን ይጨምራል፤ መገኘት ደግሞ መግባትን ይጠይቃል።

ዝርዝር ሕጎቹም አሉ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው፣ ገደቦቹም በሕግ የተዘረዘሩ ብቻ እንደሆኑ ይናገራል። የአዋጁ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ቢተካም የመረጃ ነፃነት ክፍሉ ጸንቶ ቆይቷል። አዋጅ ቁጥር 1183/2012፣ ማለትም የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አስተዳደር አስፈጻሚ አካላትንም ይመለከታል። በዚህ አዋጅ መሠረት መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል፤ ከጸደቀም በኋላ ተመዝግቦ ይፋ ካልሆነ ተፈጻሚ አይሆንም። የአስተዳደር ውሳኔም ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ መሰጠት አለበት፤ ቅር የተሰኘው ሰው በመጀመሪያ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።

የሕንፃውን አካል የሚመለከተው ደግሞ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነበር። አንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱትም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚቸግራቸው፣ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ተደራሽነትን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረትም ይህ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

እነዚህን ድንጋጌዎች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው አንድ ክፍተት ይታያል። መረጃ የመጠየቅ መብት አለ፤ መረጃ የሚጠየቅበት ክፍል ግን ያለው ከበሩ በስተውስጥ ነው። ቅሬታ የማቅረብ መብት አለ፤ ቅሬታ ሰሚውም የተቀመጠው ከበሩ በስተውስጥ ነው። የአገልግሎቱን ዓይነት፣ የሚወስደውን ጊዜና የሚያስፈልገውን ማስረጃ የሚዘረዝረው የዜጎች ቻርተር እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚሰቀለው በውስጠኛው ኮሪደር ግድግዳ ላይ ነው። በር ላይ የተመለሰ ሰው መብቱን የሚነግረውን ሰሌዳ ሳያየው ይመለሳል።

3. «ማንን ፈልገው ነው?»

አሁን ወደ በሩ እንቅረብ። በልምድ እንደምናውቀው አንድ ባለጉዳይ አራት ማጣሪያዎችን ያልፋል፤ ጥያቄ፣ መታወቂያ፣ ፍተሻ፣ ሰዓት። አካል ጉዳተኛ ከሆነ አምስተኛ ይጨመርበታል፤ እርሱም ደረጃው ነው። የደረጃውን ነገር ሕጉ በግልጽ ስለተናገረ ረጅም ክርክር አያሻውም፤ የሚቀረው ማስፈጸም ነው። አራቱ ግን ማብራሪያ ይፈልጋሉ።

በመጀመሪያ ጥያቄውን እንመልከት። ባለፈው ዓመት ለአንድ ተራ ጉዳይ ወደ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ጥበቃው በትሕትና ተነሥቶ «ጋሼ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። የክፍሉን ስም ነገርኩት፤ አሳለፈኝ። ከኋላዬ ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ነበረች። እርሷንም ጠየቃት፤ ጥያቄው ግን «አንቺስ፣ ማንን ነው?» ወደሚል ተለወጠ። የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት እንደመጣች ተናገረች። «እሺ፣ ማንን?» አላት በድጋሚ። የሰው ስም አታውቅም ነበር፤ ከግንቡ ሥር እንድትጠብቅ ነገራት።

ከዚህ ትንሽ ንግግር ውስጥ ሁለት ነገር እናነባለን። አንደኛው የመደብ ተውላጠ ስሙ ነው። እኔን «እርስዎ»፣ እርሷን «አንቺ» ያሰኘው የተጻፈ ደንብ አይደለም፤ ሽበቴና ኮቴ ናቸው። ደንብ በሌለበት በር ላይ አለባበስ፣ ዕድሜና አነጋገር ደንብ ይሆናሉ። ሁለተኛው «ማንን» የሚለው ቃል ነው። «ምን ፈልገው ነው?» ብሎ መጠየቅ ስለ አገልግሎት መጠየቅ ነው፤ መልሱም የልደት ምዝገባ፣ የግብር ክፍያ፣ የቤት ጉዳይ የሚል ይሆናል። «ማንን ፈልገው ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ስለ ዝምድናና ስለ ትውውቅ መጠየቅ ነው። ውስጥ ሰው ያለው ይገባል፤ ሰው የሌለው ይቆማል። በዚህች አንዲት ቃል አቤት ባዩ ተመልሶ ደጅ ጠኚ ይሆናል። ልደትን ማስመዝገብ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገ ግዴታ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይብሳል፤ ያቺ እናት በር ላይ የቆመችው ሕግ ያዘዛትን ለመፈጸም ነበር።

ይህን ስል ጣቴን ወደ ጥበቃው እየቀሰርኩ አይደለም። በአነስተኛ ደመወዝ ቀኑን ሙሉ በፀሐይና በዝናብ የሚቆመው ይህ ሰው የተጻፈ መመሪያ በእጁ የለውም። ያለው ትላንት ከአለቃው የሰማው ቃል ነው። ሰው ቢያስገባና ችግር ቢፈጠር ይጠየቃል፤ ሰው ቢመልስና የዚያ ሰው መብት ቢጓደል ግን የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ያለ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው ወደ መከልከል ማዘንበሉ አይቀርም።

ሁለተኛው ማጣሪያ መታወቂያ ነው። «መታወቂያ ሳይዙ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በብዙ በሮች ላይ እናያለን። ዓላማው ግልጽ ነው፤ የገባው ማን እንደሆነ ማወቅ። ነገር ግን ነባሩን የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጠው ያው ወረዳ ነው። መታወቂያው የጠፋበት፣ የተቃጠለበት፣ ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ ባዶ እጁን የመጣ ሰው መታወቂያ ለማግኘት መታወቂያ ይጠየቃል ማለት ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ማንነትን የማረጋገጫ አማራጭ አስፍቷል፤ ሆኖም የትኛውም ዓይነት ካርድ የሌለው ሰው እስካለ ድረስ ቀለበቱ እንደተዘጋ ነው።

ሦስተኛው ፍተሻ ነው። እዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱ በቀጥታ ይናገራል። አንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው መኖሪያ፣ ሰውነትና ንብረት ከፍተሻ ይጠብቃል፤ ገደብ ሊደረግ የሚችለውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና እንደ ብሔራዊ ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን መከላከል ያሉ ዓላማዎችን መሠረት ባደረጉ ዝርዝር ሕጎች መሠረት ብቻ ነው። ሁለት መመዘኛዎች አሉ ማለት ነው፤ ምክንያትና ሕግ። በበር ላይ የሚደረገው ፍተሻ ምክንያቱ አይጠፋውም። ሕጉ የቱ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ «ታዘናል» የሚል ነው። ስልክ አስቀምጡ በሚባልበት በር ደረሰኝ ይሰጣል ወይ? ሴትን የሚፈትሽ ሴት ጥበቃ አለች ወይ? ያልያዘነውን ነገር ሳይሆን መድኃኒታችንን፣ ሰነዳችንን፣ የግል ደብዳቤያችንን የማየት ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው? እነዚህ ሁሉ በጽሑፍ መልስ ሊሰጥባቸው የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው።

አራተኛው ሰዓት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠዋት 2፡30 ይከፈታል፣ 11፡30 ይዘጋል፤ በመካከል ምሳ አለ፤ ዓርብ ቀን የምሳው ሰዓት ይረዝማል። ይህ የታወቀ ነው። ያልታወቀው «ዛሬ ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው ሰዓት ነው። ለደመወዝተኛ ሠራተኛ ነገ ተመለስ መባል መሰላቸት ነው። ለቀን ሠራተኛ ግን አንድ የሥራ ቀን፣ ማለትም አንድ የእንጀራ ቀን ነው። የሰዓት ደንብ በሁሉም ላይ እኩል ቢወድቅም በሁሉም ላይ እኩል አይከብድም።

4. ሌሎች አገሮች በሩን እንዴት ተከራከሩበት?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ረጅም የአካባቢ አስተዳደር ልምድ አላቸው የሚባሉ አገሮችም ወደ ሕግ የደረሱት በክርክር ነው። ሁለት ምሳሌ ላንሣ።

የመጀመሪያው ከብሪታንያ ነው። በዌልስ የምትገኘው የቴንቢ ከተማ ምክር ቤት ሜሰን የተባለ የአካባቢውን ጋዜጣ ባለቤት ከስብሰባው አስወጣ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1908 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ፍርድም ምክር ቤቱ አባል ያልሆነን ሰው የማስወጣት ሥልጣን አለው የሚል ሆነ። በዚያው ዓመት ፓርላማው ለጋዜጠኞች የመገኘት መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ምክር ቤቶቹ ግን መውጫ ቀዳዳ አላጡም፤ መላው ምክር ቤት ራሱን «ኮሚቴ» ብሎ ሰይሞ በሩን ይዘጋ ጀመር። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ አዲስ የፓርላማ አባል የነበሩት ማርጋሬት ታቸር ያቀረቡት ረቂቅ ጸድቆ መብቱ ለጋዜጠኛ ብቻ ሳይሆን ለሕዝብ ሁሉ ሆነ። የ1972ቱ ሕግ ወደ ኮሚቴዎች አሰፋው፤ የ2014ቱ ደንብ ደግሞ በእንግሊዝ ስብሰባውን መቅረጽን ፈቀደ። ከፍርዱ እስከ መጨረሻው ደንብ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል። ከዚህ የምንማረው በር በአንድ አዋጅ እንደማይከፈትና እያንዳንዱ ሕግ የተወውን ቀዳዳ ቀጣዩ መድፈን እንዳለበት ነው።

ሁለተኛው ከአሜሪካ ነው፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የአካባቢ መንግሥት ይዞታዎችን የሚመለከቱ ፍርዶች ሰጠ። በብራውንና በሉዊዚያና ጉዳይ አምስት ጥቁር አሜሪካውያን ነጮችንና ጥቁሮችን ለይቶ በሚያስተናግድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብተው በዝምታ በመቆየታቸው ተፈርዶባቸው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ነፃ አወጣቸው። በአደርሊና በፍሎሪዳ ጉዳይ ደግሞ በወህኒ ቤት ግቢ ውስጥ ሰልፍ ያደረጉ ተማሪዎች ጥፋተኝነት ጸና። ሁለቱም የተወሰኑት በአምስት ለአራት ድምፅ ነው። ፍርዶቹን አስማምቶ ለማንበብ የሚረዳው የቦታው ዓላማ ነው። ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ የተከፈተ ስፍራ ነውና ደንቡ ምክንያታዊና ለሁሉም እኩል መሆን አለበት፤ ወህኒ ቤት ግን የሕዝብ ንብረት ቢሆንም ለሕዝብ መገናኛ የተሰጠ ስፍራ አይደለም።

ይህ ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ክርክር ልጓም ነው። የሕዝብ ሕንፃ ማለት እያንዳንዱ ክፍል ለእያንዳንዱ ሰው በማንኛውም ሰዓት ክፍት ነው ማለት አይደለም። የነዋሪዎች የግል መረጃ የተቀመጠበት መዝገብ ቤት ለአላፊ አግዳሚ ቢከፈት የሌላው ሰው መብት ይጣሳል። ሠራተኛውም ሳይሰደብና ሳይዋከብ የመሥራት መብት አለው።

5. የጸጥታው መከራከሪያ

ከዚህ በተቃራኒ የሚቆመው ጠንካራ መከራከሪያ የጸጥታ ነው። በአገራችን ያለፉት ዓመታት ሁኔታ ሲታይ ይህን አቃሎ ማለፍ ኃላፊነት የጎደለው ይሆናል። የመንግሥት ሕንፃ የጥቃት ዒላማ ሊሆን ይችላል፤ ሰነድ ሊሰረቅ፣ ሠራተኛ ሊጎዳ ይችላል። መሥሪያ ቤቶች «ይህ የውስጥ አሠራር ነው፤ መመሪያ አይባልም፤ ይፋ ከሆነም ጥበቃው ይላላል» ሲሉ እንሰማለን።

መልሴ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ አንድ ትእዛዝ የውስጥ አሠራር የሚሆነው ውጤቱ በውስጥ ሲቀር ነው። ጥበቃዎች በስንት ሰዓት ይቀያየራሉ፣ ካሜራው የት ነው የሚለው የውስጥ አሠራር ነው፤ በምሥጢር ቢያዝ ማንም አይጎዳም። ማን ይገባል፣ ምን ይዞ ይገባል፣ ከተከለከለ ምን ያደርጋል የሚለው ግን የውጭውን ሰው መብትና ጥቅም ይነካል። መብትን የሚነካ ትእዛዝ ስሙ ሰርኩላር ቢባል፣ ማስታወቂያ ቢባል፣ በቃልም ቢተላለፍ፣ በውጤቱ መመሪያ ነው። መመሪያ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መንገድ ማለፍ አለበት።

ቀጥሎም፣ የተጻፈ ደንብ ጥበቃን አያላላም፤ ያጠናክረዋል እንጂ። ደንብ በሌለበት በር ላይ ትውውቅ ያለው ሳይፈተሽ ያልፋል፣ የማይታወቀው ቆሞ ይቀራል። ክፉ ያሰበ ሰው ስም መጥራት አያቅተውም፤ ስም መጥራት የሚያቅተው ከገጠር የመጣችው እናት ናት። ሁሉም እኩል የሚፈተሽበት በር ለጸጥታም ለፍትሕም የተሻለ ነው።

6. የተጻፈ ደንብ ምን ይዘት ይኑረው?

አንድ የወረዳ ወይም የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ነገ ጠዋት ደንብ ልጻፍ ቢል በእኔ አስተያየት ሕንፃውን በሦስት በመክፈል መጀመር ይችላል። የመጀመሪያው የሕዝብ ክፍል ነው፤ የመረጃ ዴስኩ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው፣ የቅሬታ መቀበያውና የስብሰባ አዳራሹ በስብሰባ ሰዓት። እዚህ ለመግባት ሁሉንም እኩል ከሚነካ ፍተሻ በስተቀር መታወቂያም ምክንያትም ሊጠየቅ አይገባም። ሁለተኛው የባለጉዳይ ክፍል ነው፤ አገልግሎት የሚሰጥባቸው መስኮቶችና ቢሮዎች። እዚህ የጉዳዩን ዓይነት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መታወቂያ የሌለው ሰውም በምዝገባና በአስተናጋጅ የሚገባበት መንገድ ሊኖር ይገባል። ሦስተኛው የሥራ ክፍል ነው፤ መዝገብ ቤቱ፣ የሰነድ ማከማቻው፣ የኃላፊዎች የውስጥ ስብሰባ። እዚህ መከልከል መርሕ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የተሰኘው የአንድ ማእከል አገልግሎት ባለጉዳይ የሚስተናገድበትን ስፍራ ከቢሮ ለይቶ ማዘጋጀት እንደሚቻል ያሳያል። ይህ አከፋፈል ሁሉም ወረዳ የራሱ ሕንፃ ባይኖረውም፣ በኪራይ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ሰሌዳ ሊጀመር ይችላል።

ቀጥሎ ደንቡን በአራት ጥያቄዎች መመዘን ነው። ተጽፏል ወይ? ከበሩ ውጭ፣ ባለጉዳዩ ቆሞ ሊያነበው በሚችልበት ስፍራና በአካባቢው በሚነገሩ ቋንቋዎች ተሰቅሏል ወይ? ለእያንዳንዱ ክልከላ ምክንያት ተሰጥቷል ወይ? ባለጉዳዩ ቢመለስ እዚያው በዚያው ሰዓት የሚሰማው ሰው፣ ቢያንስ የስልክ ቁጥሩ ተጽፎ፣ አለ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ቅሬታ ሰሚው ከበሩ በስተውስጥ እስከተቀመጠ ድረስ በር ላይ ለተመለሰ ሰው የለም ማለት ነው።

ክልከላውም አሻራ ሊኖረው ይገባል። ጥበቃው የመለሰውን ሰው በአንዲት መስመር ቢመዘግብ፣ ቀኑን፣ የመጣበትን ጉዳይና የተመለሰበትን ምክንያት ብቻ ቢጽፍ፣ ኃላፊው በወሩ መጨረሻ ስንት ሰው በምን ምክንያት እንደተመለሰ ያውቃል። ዛሬ የገባ ሰው በመዝገብ ይጻፋል፤ የተመለሰ ሰው ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ያልተመዘገበ ክልከላ ደግሞ በፍርድ ቤት ሊመረመር፣ በዕንባ ጠባቂ ሊጣራ፣ በተመራማሪ ሊጠና አይችልም። ለምርምር ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ይህን ነጥብ ልብ በሉልኝ፤ ስለ አስተዳደር ውሳኔ ያለን እውቀት በሙሉ ከበሩ ካለፉ ሰዎች ፋይል የተገኘ ነው።

ማጠቃለያ

የተነሣሁበትን ጥያቄ ልመልስ። የከተማ አስተዳደር ሕንፃዎችን በር የሚገዛው ሕግ አለ፤ ነገር ግን ተበታትኖ ነው ያለው። ከፊሉ በሕገ መንግሥቱ፣ ከፊሉ በሕንፃ አዋጁ፣ ከፊሉ በአስተዳደር ሥነ ሥርዓቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ በበሩ ላይ ግን አልደረሰም። እስኪደርስ ድረስ ክፍተቱን የሚሞላው ሰውዬው የለበሰው ኮት፣ የሚያውቀው ሰውና የጥበቃው የዕለቱ ስሜት ነው። ሕጉን ወደ በሩ ለማድረስ አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለብንም። ያለውን ሕግ በአንድ ገጽ አጠቃልሎ ከበሩ ውጭ መስቀል፣ ጥበቃውንም በዚያ ገጽ ማሠልጠን ይበቃል። «ማንን ፈልገው ነው?» የሚለው ጥያቄም «ምን እንርዳዎ?» በሚለው ቢተካ፣ ከግንቡ ሥር የቆመችው እናትም «እርስዎ» ተብላ ብትጠየቅ፣ ለዚህ ምንም በጀት አይጠይቅም።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄና ለአስተያየት ክፍት ነው።